እግሬ ላይ የወደቁት ጫማ ሻጭ

እግሬ ትልቅ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። አገር ቤት ሳለሁም ትንሽ አልነበረም፤ ሱዳን ድረስ በእግሬ ከሄድኩ በኋላ ግን ወደ ጎን ተዘረጋና ሊጥ መስሎ ቀረ። ሌላው ስደተኛ ከዚያ መንገድ ወባ ይዞ ወጣ፣ እኔ ስፋት ይዤ ወጣሁ። አትላንታ ስንደርስ የተቀበሉን ስፖንሰሮቻችን፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ እግዜር ይስጣቸው ደግ ሰዎች ናቸው። ግን በካርቶን ያመጡልን ጫማ ሁሉ ወይ ለሙሽራ ወይ ለአሻንጉሊት የተሠራ ነበር። አንድ ብቻ ሰፊ ጫማ ተገኘ፤ እሱም ከሥሩ ሚስማር የበቀለበት ነው። የጎልፍ ጨዋታ ጫማ መሆኑን ያወቅነው ከስንት ጊዜ በኋላ! አብረውኝ የሚኖሩት እትዬ ግን አልናቁትም። መንገዱ ሁሉ በረዶ የሆነ ቀን እሱን አጥልቀው ወጡና፣ የሰፈሩ ሰው እየተንሸራተተ ሲወድቅ እሳቸው ቀጥ ብለው ባስ ፌርማታ ደረሱ።

እትዬ የምላቸው ሴት የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ታምሜ ወድቄ ሳለ ከመሬት ያነሡኝ፣ ከዚያ ወዲህ እናትም አለቃም ፖሊስም የሆኑኝ ሴት ናቸው። ዕድሜያቸው ያኔ ወደ ስድሳው ተጠግቷል። ስቶን ማውንቴን አካባቢ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን፣ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አብረን ክፍል እናጸዳለን። አልጋ ማንጠፉ የኔ ነው፣ አቧራ መጥረጉም የኔ ነው። «ያንቺ ወገብ ገና ልጅ ነው፣ ይቆይልሽ» ብለው ባኞውን ለራሳቸው ወሰዱ። ቀኑን ሙሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው ባኞ ይፈገፍጋሉ። ውሃውን አንዴ ከከፈቱት ደግሞ አይዘጉትም፤ ፏፏቴ እስኪመስል ይለቁታል። ሱፐርቫይዘራችን ስለ ውሃው ትጮኻለች። እኔ በልቤ ይልቀቁት እንጂ እላለሁ፤ ካምፕ ውስጥ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ተሰልፈን የከረምን ሰዎች ነን፣ ውሃ ሲፈስ ማየት ያስደስታቸው ይሆናል።

ከባኞው ሥር ሲነሡ የፎጣ መስቀያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነው። «እትዬ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» ስላቸው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላሉ። ሰማይ ቢደረመስባቸው ከፍርስራሹ ሥር ሆነው «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» የሚሉ ሴት ናቸው።

እኔ አዲስ አበባ ታይፒስት ነበርኩ። ጣቶቼ አሁንም አልረሱም፤ አልጋ ሳነጥፍ እንኳ ትራሱ ላይ ይጽፋሉ። ስለዚህ የምፈልገው ሥራ አንድ መስፈርት ብቻ ነበረው፤ የሚቀመጡበት ይሁን። የቤት ኪራያችን የሁለታችንን ደሞዝ ይበላል። የቢሮ ሥራ ካገኘሁ ግን የኔ ብቻውን ይበቃል፤ እኔ ወንበር ላይ ስቀመጥ እትዬም ቤታቸው ይቀመጣሉ። ይህን ለሳቸው ትንፍሽ አላልኩም። ብነግራቸው «ማን ሸክም አድርጊኝ አለሽ?» ብለው በነጋታው ሁለተኛ ሥራ ይይዛሉ። አውቃቸዋለሁ።

አፕላይ ሳደርግ ሳደርግ ከርሜ በመጨረሻ አንድ የጠበቆች ቢሮ ለኢንተርቪው ጠራኝ። ከስፖንሰሮቻችን አንዷ ልብስ አመጣችልኝ፤ ያኔ የሴት ጃኬት ትከሻው ውስጥ ትራስ ይሰፋበት ስለነበር፣ ለብሼው በር ስገባ በጎን ነው። «ጫማው ጥቁር ይሁን፣ ጣትሽን የሸፈነ፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው» አለችኝ። አፓርትመንቴ ውስጥ ያለው ጥቁር ጫማ ሚስማር ያለው ብቻ ነው። ወደ ታከር ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ትልቅ መደብር ሄድኩ።

የጫማው ክፍል ሻጭ ሽማግሌ ናቸው። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ አንገታቸው ላይ ቢራቢሮ ክራቫት ያሰሩ፣ አባቴን በዕድሜ የሚያስከነዱ ነጭ ሽማግሌ። «ተቀመጪ፣ ሃኒ» አሉኝ፤ የኔ ማር እንደማለት። ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ ሳብ አደረጉና ወረድ፣ ወረድ፣ ወረድ ብለው፣ ጉልበታቸው ቀጭ ብሎ፣ እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

እኔን አፈር ይብላኝ! ላቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ጀርባዬን አጠመቀኝ። በኛ አገር እግርሽ ሥር ሊስትሮ ቢቀመጥ ልጅ ነው፣ ይቅናው ትይዋለሽ። ሽማግሌ ግን እግር ላይ የሚወድቀው ለአንድ ነገር ነው፤ ለይቅርታ። ደም የተቃባ ሰው እንኳ ሽማግሌ እግሩ ላይ ከወደቀለት «ይነሡ፣ ትቼዋለሁ» ይላል። አልተውም ያለ ሰው፣ ሰው አይባልም፤ የሞተ ዕለትም የሚቀብረው አያገኝ። እኛ በዚህ ነው ያደግነው። ሽማግሌ እግርሽ ላይ ከወደቀ መልሱ አንድ ነው፣ እሺ። የወንድምን ገዳይ ይቅር የሚያሰኝ ነገር ፊት የጠበበ ጫማ ምን ቁም ነገር አለው?

ሽማግሌው ምኑንም አላወቁ። እግሬን በሁለት እጃቸው አንሥተው ቀዝቃዛ የብረት መለኪያ ላይ አስቀመጡት። ተረከዜ የተሰነጣጠቀ፣ የትልቁ ጣቴ ጥፍር መተማ የቀረ። «ይነሡ! በእመቤቴ ይነሡ!» እላለሁ በአማርኛ። እሳቸው ፈገግ ይላሉ። በጫማ ማስገቢያ ማንኪያ ገፋ ገፋ አድርገው አንዱን ጥቁር ጫማ አስገቡልኝ። ጣቶቼ እርስ በርስ ተደራረቡ።

«እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ!» አልኩ፣ ቶሎ ይነሡልኝ ብዬ።

«አይጠብሽም?»

«አይ! እንዲያውም ይሰፋኛል!»

ምን ልሁን ብዬ ነው ይህን ያልኩት? እንዲያውም ይሰፋኛል! ሽማግሌው እንደ ምንም ተነሡና፣ ሄዱና፣ በግማሽ ቁጥር ያነሰውን ይዘው መጡ። መልሰው ተንበረከኩ። እኔም ከፍዬ ወጣሁ።

የኢንተርቪው ቀን ከባሱ ወርጄ እስከ ሕንፃው ድረስ የሄድኩትን መንገድ ከሱዳኑ ጋር ባወዳድር እግዜር ይታዘበኛል፤ ግን አወዳድረዋለሁ። ሱዳን ቢያንስ በረባሶ አድርጌ ነበር። ቢሮው ደረስኩ። አንድ ወጣት ጠበቃ ወጣና «ተቀመጪ» አለኝ። እኔ ጨዋ ልጅ ነኝ፤ «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩ። በኛ ወግ ይህ እንቢታ አይደለም። ሰውየው «ኧረ ተቀመጪ» ይላል፣ አንቺ «አይ ግድ የለም» ትያለሽ፣ እሱ «በሞቴ» ይላል፣ ያኔ ትቀመጫለሽ። ይሄ ግን «ኦኬ» ብሎ እሱ ተቀመጠ! በቃ። እሱ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ፣ ጣቶቼ ጫማው ውስጥ እየተገዳደሉ የሕይወት ታሪኬን መናገር ጀመርኩ። ኋላ ግራ ሲገባው «እባክሽ፣ አንገቴን አመመኝ» አለና አስቀመጠኝ።

ከተቀመጥኩ በኋላ አላስቻለኝም። ከጠረጴዛው ሥር፣ ቀስ ብዬ፣ አንዱን አወለቅሁት። ሌላውንም። ወይ ገነት! እግሬ ነፍስ ሲዘራ እኔም ነፍስ ዘራሁ። እንግሊዝኛዬ ተፈታ፣ ሳቅሁ፣ ሰውየውም ሳቀ። ሥራውን ያገኘሁት መሰለኝ። ልክ በዚህ ሰዓት ብድግ አለና «ነይ ቢሮውን ላስጎብኝሽ» አለኝ።

እግሬ ለካ ከጫማው ሲወጣ ጊዜ አላጠፋም፤ ተነፍቶ ጠበቀኝ። ብገፋ፣ ብገፋ፣ አልገባም። ሰውየው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ተረከዙን ረግጬ እንደ ነጠላ ጫማ እየጎተትኩ ተከተልኩት። ሸርተት፣ ሸርተት። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ቀና ቀና አሉ። ኮሪደሩ መሀል ላይ አንዱ ጫማ ወደ ኋላ ቀረ፤ ተመልሼ ስይዘው ሁለተኛው ከዳኝ። ጠበቃው «እናሳውቅሻለን» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አላሳወቀኝም።

ባስ ውስጥ አለቀስኩ። ለእግሬ አልነበረም። የፎጣ መስቀያው ነው ፊቴ የመጣብኝ፣ እትዬ ይዘውት ሲነሡ።

ጎረቤታችን «ምን ያስለቅስሻል? ሪተርን አድርጊዋ! እዚህ አገር ያደረጉትንም ይመልሳሉ» አለችኝ። እትዬ አላመኑም። «የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል? ይሄ አገር ነው ወይስ የሕፃናት ጨዋታ?» አሉ። እኔ ግን በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ ሳጥኑን ይዤ ተሳፈርኩ። በመንገድ ላይ የምለውን እየተለማመድኩ ሄድኩ። በጣም ይጠበኛል። ገንዘቤን እፈልጋለሁ። በጣም ይጠበኛል። ገንዘቤን እፈልጋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦታ ቀየሩ።

ሽማግሌው ገና ከሩቅ አወቁኝ። ፊታቸው በራ፤ «ሃኒ! ኢንተርቪውሽ እንዴት ነበር?» አሉ። እንግዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው ከአትላንታ ሕዝብ ሁሉ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ጥሩ ነበር» አልኩ። ከዚያ ሳጥኑን ከፈትኩና ጫማውን አሳየኋቸው። ፊታቸው ወደቀ። «አሳመመሽ?» አሉ። «ኦ፣ ይቅርታ፤ በጣም ይቅርታ።» እንዲህ ብለው ሱሪያቸውን ሳብ አደረጉ። «ኖ! ኖ!» አልኩ። ቀጭ! ተንበረከኩ።

በሕግ አምላክ! መጀመሪያ ሳያውቁት ነው የወደቁት፤ አሁን ግን በአፋቸው ይቅርታ ብለው ነው እግሬ ላይ የወደቁት! ወግ ያለው ሰው ከዚህ በኋላ ገንዘቤን መልሱ ይላል? ሌላ ጫማ አመጡ፤ ጫፉ የሾለ፣ ጦር የመሰለ። «ይሄስ?» «በጣም ጥሩ!» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ በጠበበው ምትክ ይበልጥ የጠበበ ይዤ፣ አመስግኜ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

እትዬ ጫማውን አገላብጠው አዩት። እግሬን አዩት። እንደገና ጫማውን አዩት።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«ለየትኛው ጣትሽ?»

ነገርኳቸው። ሲሰሙ ሲሰሙ ቆዩና ፈነዱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! ጠበበኝ የሚባል ቃል ጠፍቶሽ ነው? ቋንቋ ተምረሽ፣ አፍ አውጥተሽ፣ ለአጉል ይሉኝታ እግርሽን ትቆርጪ?»

«እትዬ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ። ተንበርክከው እያሉ እንዴት አድርጌ…»

«ይንበርከኩ! እንጀራቸው ነው። እኔስ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ አይደል የምውለው? ማን ሲያለቅስልኝ አየሽ?»

ይህን ያሉት ለክርክሩ ነው፤ እሮሮ አልነበረም። እኔ ግን ጉልበታቸውን አየሁት። እትዬ ጫማውን ወደ ሳጥኑ ወረወሩትና «ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ፣ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ። እሳቸው የሚያውቁት እንግሊዝኛ የሆቴል በር ሲያንኳኩ የሚሉት «ሃውስኪፒንግ» ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት ሌላ ቢሮ ጠራኝ፤ ታከር ውስጥ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት የሚጻፍበት ቢሮ፣ ታይፒስት ይፈልጋል። የኢንተርቪው ቀኔ ሰኞ ሆነ። ጫማው ቅዳሜ ካልተገኘ ወይ በሚስማሩ ነው የምሄደው ወይ በካልሲ።

ቅዳሜ እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ለሸንጎ እንደሚሄድ ሰው ፊታቸውን ቋጥረው ከመደብሩ ገቡ። እኔ ሳጥኑን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ሽማግሌው እንዳዩን እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ እጃቸውን አልሰጡም፤ ሳጥኑን ከኔ ቀምተው ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረጉት። «በያቸው!» አሉኝ። «ምን ልበላቸው?» «ሌባ በያቸው!» «እትዬ!» «እሺ፣ ጠባብ ነው በያቸው።»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ሳጥኑን አይተው ነገሩ ገባቸው። እኔን ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ሱሪያቸውን ሳብ አደረጉ፤ ወረድ፣ ወረድ፤ ቀጭ።

እትዬን ያኔ ማየት ነበር! ያ ሁሉ ፉከራ የት እንደገባ እንጃ። «ኧረ በስመ አብ! ኧረ የሽማግሌ አምላክ! ይነሡ! ይነሡ አባቴ!» ብለው ተወርውረው ሽማግሌውን በብብታቸው ያዟቸው። ሽማግሌው ሊታገሏቸው የመጡ መስሏቸው ወደ ኋላ አሉ። እትዬ ሊያነሡ ሲስቡ፣ የራሳቸው ጉልበት ከዳቸውና እሳቸውም በጉልበታቸው ምንጣፉ ላይ ወረዱ። ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተንበርክከው፣ ተያይዘው፣ አንዳቸውም መነሣት አቃታቸው። ያየ ሰው ጋብቻ ይለዋል። ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል።

እኔ በአንድ እግር ጫማ ተነሥቼ መጀመሪያ እትዬን፣ ቀጥሎ ሽማግሌውን ጎትቼ አነሣሁና ጎን ለጎን ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ጉልበታቸውን ይዘው ያለከልካሉ። ሽማግሌው ወደ እትዬ ጉልበት በአገጫቸው ጠቆም አድርገው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?»

«ጉልበትዎን ያምዎታል ወይ ነው የሚሉት።»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን በያቸው።»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና የራሳቸውን ጉልበት መታ መታ አድርገው ተናገሩ። «የሳቸው ግን ክፉኛ ያማል» አልኩ። «ደረጃ ሲወጡ እንባቸው ይመጣል አሉ። ሐኪሙ ቁጭ ይበሉ ብሏቸዋል፣ ቤት መዋል ስለሚሰለቻቸው ነው የሚመጡት።»

እትዬ ሽማግሌውን ትክ ብለው አዩአቸው። «ለማያውቁት ሰው?» አሉኝ በሹክሹክታ። «እንዲህ ብለው ለማያውቁት ሰው ይናገራሉ? እንባዬ ይመጣል ብለው?»

«ይኸው ተናገሩ።»

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ግን ጉልበታቸውን አልለቀቁም፤ ይዘውት ቀሩ።

እንግዲህ ሁለቱም ከተቀመጡ፣ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሆነው በጣታቸው መደርደሪያውን ያሳዩኛል፣ እኔ ሳጥን አወርዳለሁ፣ ራሴ አጠልቃለሁ፣ ራሴ አወልቃለሁ። እግሬ ሥር ማንም የለም፤ ከራሴ በቀር። የቀረውን አናምንም ብትሉኝ አልፈርድባችሁም፤ ምላሴ ተፈታ። «ይሄስ?» ሲሉኝ «ይጠበኛል» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። መደብሩ አልተቃጠለም። «ይሄስ?» «ይቆነጥጠኛል።» «ይሄኛው?» «ይሄ ጫማ አይደለም፣ ወጥመድ ነው።» ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስተረጉምላቸው እትዬም ሳቁ። በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አቧራ የጠጣ ሳጥን አገኘሁ፤ ውስጡ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ የሰፋ፣ ላስቲክ ሶል ያለው ጫማ። አስቀያሚ ነው። እግሬ ግን ገብቶ ተዘረጋና ዝም አለ። ከሱዳን ወዲህ ዝም ሲል የመጀመሪያው ነው።

«የመነኩሲት ጫማ» አሉ እትዬ።

«ተመችቶኛል።»

«ከተመቸሽማ መንኩሺበት።»

ከመደብሩ ስንወጣ እትዬ ተመልሰው የሽማግሌውን ትከሻ ሳሙ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። ሽማግሌው ቀይ ሆነው ቀሩ።

ሰኞ ጠዋት ከባሱ ወርጄ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ጎዳና ዳር ሣሩን እየረገጥኩ፣ ታከር ያለው ቢሮ ደረስኩ። ሴትየዋ «ተቀመጪ» ስትለኝ በሞቴ እስክትል አልጠበቅኋትም፤ ቁጭ አልኩ። ብዙም ሳታናግረኝ ወደ ጽሕፈት መኪናው ወሰደችኝ፤ ኤሌክትሪክ ነው፣ ስትነኪው ያጉረመርማል። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ክንዴ ከደረቴ በላይ ወጣ፣ ጣቶቼ ፊደሉን ሳቱ። ድሮ ብሆን እንደዚያው ተንጠልጥዬ እጽፍና፣ ተበላሽቶብኝ፣ «እናሳውቅሻለን» ተብዬ እወጣለሁ። እግሬን ወለሉ ላይ ተከልኩና «ይቅርታ፤ ይህ ወንበር አይመቸኝም። ዝቅ ይላል» አልኳት። ሴትየዋ «ኦ፣ እውነትሽን ነው» አለችና ሌላ ወንበር እየገፋች አመጣች። ይኸው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት! ተናደድኩ እንጂ አልተደሰትኩም። በንዴት ጻፍኩ። ጣቶቼ እንደ በረዶ ዘነቡ። ስጨርስ ሴትየዋ ወረቀቱን አየችና «መቼ መጀመር ትችያለሽ?» አለችኝ። የሚመጣው ሰኞ ተባባልን።

አመሻሹ ላይ እትዬ ከሆቴል ተመለሱ። ደረጃውን አንድ በአንድ ሲወጡ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፤ አንዱን እግር ያስቀድማሉ፣ ሌላውን ያመጣሉ፣ ያርፋሉ። ገብተው ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። እኔ ጃኬቴን፣ ስቶኪንጌን፣ ጫማዬን ገና አላወለቅሁም።

«ሥራውን አገኘሁ» አልኳቸው።

እልልታቸው ጎረቤት አስደነገጠ። ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ «ለመነኩሲቷ ጫማ ምስጋና ይግባት» አሉ። እልልታው ሲያልቅ «ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ እርስዎም ሆቴል አይሄዱም» አልኳቸው። «የኔ ደሞዝ ለሁለታችን ይበቃል። ይቀመጣሉ።»

ፊታቸው ወዲያው ተቋጠረ። «ምን ሆኜ ነው የምቀመጠው? እኔ የማንም ሸክም አይደለሁም። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ተመስገን።»

ስለ ጉልበት ያነሣ ሰው አልነበረም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉኝ ማን ናቸው?» አልኳቸው።

«ያልኩሽ ስለ ጫማ ነው!»

ያኔ ደሜ ፈላ። ይሄ «ደህና ነኝ» የሚባል ነገር ስንቱን እንደጨረሰ አሰብኩ። ክርክር ብገጥማቸው እንደማልረታቸው አውቃለሁ፤ እሳቸውን በክርክር የረታ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ጃኬቴ ከነትራሱ፣ እኔ ከነሙሉ ልብሴ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ሁለቱንም ቁርጭምጭሚታቸውን ጨብጬ ያዝኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል? ተነሺ!»

«አልነሣም።»

«ተነሺ አልኩሽ! በስመ አብ! ሰው ያያል!»

«ማንም አያይም። ያመኛል ይበሉ፣ እነሣለሁ።»

ሊያስለቅቁኝ ታገሉ፤ አልለቀቅሁም። ግንባሬ ጉልበታቸው ላይ አርፏል። ትኩስ ነው። አብጦ ድንጋይ ሆኗል። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ነክቼው አላውቅም ነበር። እትዬ እንደማንኛችንም ናቸው፤ እግራቸው ላይ ለወደቀ ሰው እንቢ ማለት አይሆንላቸውም። እጃቸው ወርዶ ራሴ ላይ አረፈ።

«ያመኛል» አሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «ከገዳሪፍ ጀምሮ ያመኛል። ባኞውን ሳጥብ ያንን ውሃ እንዲያ የምለቀው፣ ስጮኽ እንዳትሰሚኝ ብዬ ነው።»

እኔ ከግድግዳው ወዲህ አልጋ እያነጠፍኩ፣ ውሃ አማራቸው ስል ኖሬያለሁ። አለቀስኩ። ድምፄን አውጥቼ፣ ዩኒፎርማቸው ላይ፣ ምንም ውሃ ሳልከፍት አለቀስኩ።

እትዬ ራሴን ዳበስ፣ ዳበስ አደረጉኝ። «በይ አሁን ተነሺ» አሉኝ። «ስቶኪንግሽ ይቀደዳል፤ ያለሽ እሱ ብቻ ነው።»